ማንኪያውና ማማሰያው

አዋረዳቸው ነው ያልከው? ቆይ ሂርጳ፣ የላክኸውን ደግሜ ነው የሰማሁት፣ ጆሮዬ አታሎኝ እንዳይሆን ብዬ። «ደርበው ጋሽ ምንተስኖትን በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ማዕዳቸው ላይ አዋርዷቸዋል፤ ሄዶ እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅ» ነው ያልከው አይደል? እሺ። ይሄንንም ለብቻ ጠርተህ አልነገርከውም፣ በሞዴል አውሮፕላን ክበባችን ግሩፕ ላይ ነው የለቀቅከው። እኔም እዚሁ ግሩፕ ላይ ነው የምመልስልህ። ያልነበሩትም ይስሙ። ረዘም ይላል፣ ካርድ የሌለው ዋይፋይ ፈልጎ ይስማ።

አንተ እዚያ ቤት ነበርክ፣ አውቃለሁ። ከደርበው ጎን ነው የተቀመጥከው። ግን ዓይንህ ወደ ጓዳ ነበር፣ ጆሮህም ዓይንህን ተከትሎ ሄዷል። ስለዚህ በነበርክበት ቤት የሆነውን ነገር እኔ ያልነበርኩት ልንገርህ። ከደርበውም ሰምቻለሁ፣ ከጋሽ ምንተስኖት ባለቤት ከእትዬ ዘውድነሽም ሰምቻለሁ፣ ሁለቱም አንድ ነው የነገሩኝ። እንደ ወጉ አንድ ቀን ብዬ እንዳልጀምር ነገሩ ገና ሳምንት አልሞላውም። ይሁን ግድየለም፣ አንድ ቀን ልበል።

አንድ ቀን፣ አርብ ነው፣ ደርበው አውሮፕላኗን በክንዱ አቅፎ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የግጦሽ ሜዳ ወረደ። ደርበው ማለት፣ አዲስ ለገባችሁ፣ ፎቶ ቤቱ ያለው ነው። «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ አትተንፍስ» እያለ የግማሹን የአሰላ ሰው መታወቂያ ፎቶ ያነሳው እሱ ነው። ሰውየው ቀስ ብሎ ነው የሚናገር፤ ሲቆጣ ደግሞ ጭራሽ ይበልጥ ቀስ ይላል። እኔ ብሆን... ተወው፣ ስለኔ አይደለም።

ያቺ አውሮፕላን ያለችን አንድ ናት። ሞተሯም አንድ ናት፣ ሎሚ የምታህል። እሷ ከሞተች ሌላ ሞተር ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ በመሀከላችን የለም። እሑድ ዕለት ደግሞ የወጣት ማዕከሉ ኃላፊዎች ሜዳ ድረስ መጥተው ሊያዩን ነው። ከበረረች የምንሠራባት ክፍል የኛ ሆና ትቀጥላለች። ካልበረረች ክፍሏ ለከረንቡላ ትሰጣለች። የከረንቡላው ጠረጴዛ ሳይቀር መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ደርበው በሩን በከፈተ ቁጥር እሱን ነው መጀመሪያ የሚያየው። እንደ ሬሳ ሳጥን ነው የሚመስለኝ ይላል፣ ግን የኛን ሬሳ የሚጠብቅ።

እና አርብ ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክራት ወረደ። አንተም ነበርክ ሂርጳ፣ ነዳጁን የያዝከው አንተ ነህ፣ ይሄን አትርሳ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ደርበው ሁልጊዜ የምትበርበትን ፕሮፔለር ገጥሞ፣ ቡሎኗን አጥብቆ፣ ሞተሯ እንድትነሳ እሱን በጣቱ ሊመታ ሲል ጋሽ ምንተስኖት ከነኮታቸው ከነክራቫታቸው መጡ።

ጋሽ ምንተስኖትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ሊቀመንበራችን ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ እኔም ክፉ አላልኩም። ማዘጋጃ ቤት ሳሉ ሥራቸው እንግዳ መቀበል ነበር። መድረክ ማስጌጥ፣ ወንበር መደርደር፣ ምንጣፉ በየት በኩል ይዘርጋ፣ ማን ከማን ቀድሞ ይግባ፣ አበባውን የቱ ልጅ ይስጥ። ጡረታ ወጡ እንጂ ያ ነገር ከሳቸው አልወጣም። ሊቀመንበር ያደረግናቸውም በዕድሜ ስለሚበልጡንና ለስብሰባ የሚሆን ሰፊ ሳሎን ስላላቸው ነው። ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃሉ ያልን እንደሆነ፣ ሲያርፍ ምንጣፉ የት እንደሚነጠፍ ያውቃሉ።

መጡና ጎንበስ ብለው አፍንጫዋን አዩ።

«ይህቺ ምንድናት?»

«ፕሮፔለሩ ነው ጋሼ። እስካሁን የበረረችው በዚህ ነው።»

«ይሄ ማንኪያ?»

«ማንኪያ ቢመስልም ይበቃታል ጋሼ። ሞተሯ ራሷ ትንሽ ናት።»

«ሌላ የለም?»

እዚህ ጋ ነው ደርበው የተሳሳተው፣ ራሱም ያምናል። የለም ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን እውነተኛ ሰው ነው፣ ሳጥኑን ከፍቶ አሳያቸው። ከሞተሯ ጋር ተሳስቶ የመጣ፣ ለትልቅ ሞተር የሚሆን የእንጨት ፕሮፔለር አለ። ቫርኒሽ የተቀባ፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያብረቀርቅ። ጋሽ ምንተስኖት በሁለት እጃቸው ተቀብለው እንደ ታቦት አነሱት።

«ታዲያ ይሄ እያለ?»

«ይሄማ ለሷ ማማሰያ ነው ጋሼ። ማዞር አትችልም።»

«ልጄ፣ እሑድ እንግዳ ነው የሚመጣው። እንግዳ ፊት ማንኪያ ይቀርባል? እኔ ሊቀመንበር ሆኜ?»

ደርበው ተከራከረ፣ አልሆነም። ገጠመው። ማማሰያውን።

የሆነውን አይተሃል። በማንኪያው ጊዜ እንደ ንብ ዚዝ የምትለው ሞተር በማማሰያው እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ጀመረች። ቀስ፣ ከበድ፣ ቀስ። አህያ ዳገት ላይ ጤፍ ተጭኖባት እንደምታቃስተው። መሬት ላይ ትንሽ ተንፏቀቀች፣ የማማሰያው ጫፍ ሳሩን ማጨድ ጀመረ፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ደርበው ሮጦ ሞተሯን ነካ አደረገና ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። እንደዚያ ግላ ነበር። ነገሩ ምስጢር የለውም፣ ትንሽ ሞተር ትልቅ ፕሮፔለር ሲሸከም ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ ይግላል፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ይነክሳል፤ ሞተር ነከሰ ማለት ደግሞ አለቀለት ማለት ነው። ይሄን ያኔ ሜዳው ላይ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከአንድ ሰው በስተቀር። «ገና ስላልለመደችው ነው» አሉ ጋሽ ምንተስኖት።

«ጋሼ፣ ተቃጠለች እኮ።»

«አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይቆነጥጣል።»

«ሳሩንም አጨደው።»

«ጥሩ አደረገ። እንግዳ ሲመጣ ሜዳው ፀድቶ ይጠብቃል።»

ምን ትላቸዋለህ? ለሁሉም መልስ አላቸው። ያኔ አንተ ምን አደረግህ ሂርጳ? ኮፍያህን አውልቀህ ሞተሯን እያራገብክ ለደርበው በጆሮው «ይሄ ነገር ይቺን ልጅ ይገድላታል» አልከው። አንተ ነህ ያልከው። ይሄን ያዝልኝ።

ቆይ፣ ባጃጅ እያለፈ ነው... አለፈ።

ቅዳሜ ኮሚቴው ጋሽ ምንተስኖት ቤት ተሰበሰበ። ደርበው ጠዋት ፎቶ ቤቱን ሳይከፍት ነው የሄደው። ሌሊቱን ሲያስብ ያደረው ነገር ቢኖር ቃላቱን እንዴት አለስልሶ እንደሚናገር ነው፤ ሰውየው አባቱ የሚያከብሯቸው ሰው ናቸው፣ እሱም ያከብራቸዋል። ሳሎኑ ግጥም ብሎ በወንበር ተሞልቷል፣ ለኮሚቴው አምስት ሰው የሠርግ ያህል ወንበር ነው የተደረደረው። ጓዳ ደግሞ እትዬ ዘውድነሽ ቀይ ወጥ እየሠሩ ነው። ሽታው ከስብሰባው ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ስለ ድንኳን ተነጋገሩ። ቀጥሎ ስለ ማይክ። ቀጥሎ ስለ ታሸገ ውሃ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይቅረብ ወይስ ሳይከፈት። በዚህ ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ነው «ሌላ ጉዳይ ያለው?» የተባለው።

ደርበው እጁን አወጣ። «የፕሮፔለሩ ነገር ነው ጋሼ። ትንሹ ይግባላት። በትንሹ ስትበር ሁላችንም አይተናል፣ በትልቁ ስትቀመጥም ሁላችንም አይተናል።»

«ተነጋገርንበት እኮ ደርበው። ክብር የሚባል ነገር አለ።»

«እንግዳው የሚመጣው ስትበር ሊያይ ነው። ስትበር ደግሞ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ ማን ያየዋል?»

«ከመብረሯ በፊት ያየዋላ። እንግዳ ይዞ የሚሄደው መጀመሪያ ያየውን ነው። እኔ ስንቱን ተቀብያለሁ፣ አንተ ትነግረኛለህ?»

«እሺ ካልበረረችስ?»

ጋሽ ምንተስኖት ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ካልበረረችም በክብር አልበረረችም ይባላል።»

ሰው ሳቀ። ደርበውም ሳቅ መጥቶበት ነበር፣ ግን ሸራ የለበሰው ጠረጴዛ ትዝ አለውና ሳቁን ተወው። ሞተሯ አንዴ ከነከሰች በክብር ነከሰች ተብሎ አይነሳላትም። ክፍሏም በክብር ከረንቡላ ቤት ትሆናለች።

«እንግዲህ እኔ አምባገነን አይደለሁም፣ ድምፅ ይሰጥበት» አሉ ጋሽ ምንተስኖት። «ትልቁ ይሁን የምትሉ።»

ስሙ ጎበዝ። አውሮፕላን የሚነሳው በነፋስ ነው፣ በድምፅ ብልጫ አይደለም። ይሄን የትም ዓለም ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። የኛ ክበብ ግን ለሞተር የሚስማማውን ፕሮፔለር እጅ በማውጣት ነው የመረጠው። ደርበው ዞር ብሎ አያቸው። መጀመሪያ ማንም እጁን አላነሳም። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ጓዳ የድስቱ ክዳን ሲነሳ ተሰማ፣ ሽታው እንደገና መጣ፣ እና አንድ እጅ ወጣ። ያቺን ተከትሎ ሌላውም ወጣ፣ ሌላውም። በሰው ቤት የሰው ወጥ እየሸተተው እምቢ የሚል ማን አለ? ይሉኝታ ነው፣ ይገባኛል። ደርበው ብቻውን ቀረ።

«በአብላጫ ድምፅ ፀድቋል» አሉ ጋሽ ምንተስኖት፣ «አሁን እጅ ታጠቡ።»

ደርበውም ተነስቶ ታጠበ። እትዬ ዘውድነሽ ውሃውን ሲያፈሱለት ፊቱን አይተው «ምነው ልጄ፣ አመመህ?» አሉት። «አላመመኝም እትዬ፣ እያሰብኩ ነው» አላቸው።

ማዕዱ ቀረበ። ቀይ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ አይብ፣ ጎመን፣ እንጀራው ተደራርቦ። ጋሽ ምንተስኖት ለካስ አንጀታቸው አልቻለም፣ ደርበውን ጎናቸው ስበው አስቀመጡት። ነግሬሃለሁ፣ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ብላ እንጂ። በኮሚቴ ውሳኔ አይኮረፍም።»

«አላኮረፍኩም ጋሼ። እንዲያውም ይፍቀዱልኝና ላጉርስዎ።»

ቤቱ ተነፈሰ። አኩርፏል የተባለው ልጅ ላጉርስ ሲል ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው። «እንዲህ ነው እንጂ ወንድ» አለ አንዱ። ጋሽ ምንተስኖትም ደስ ብሏቸው ወደ ደርበው ዞሩ።

ደርበው እንጀራውን ቆረሰ። ለጉርሻ አይደለም፣ ለምሳ ነው የቆረሰው፣ መሐረብ ያህላል። ወጡን ጨለፈበት። አይቡን ጨመረበት። እንቁላል አገኘ፣ ግማሹን አደረገበት፤ ትንሽ አሰብ አደረገና ሌላውንም ግማሽ አደረገበት። ጎመኑን ከላይ አለበሰው። ከዚያ ተረጋግቶ፣ ፎቶ ሊያነሳ የሰው አገጭ እንደሚያስተካክለው፣ ጠቀለለው። ብርቱካን የሚያህል ሆነ። ያውም ትልቁን የወንጂ ብርቱካን።

ጋሽ ምንተስኖት ዓይናቸው ፈጠጠ። «ምነው ደርበው፣ ይሄን ያህል?»

«ምን ነካዎት ጋሼ፣ ለእርስዎ ትንሽ ላቅርብ? ክብርዎስ?»

እንግዲህ ምን ይበሉ? በልጅ እጅ የቀረበ ጉርሻ አይመለስም። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ክብር ደግሞ ራሳቸው ያመጡት ቃል ነው። አፋቸውን ከፈቱ። አልበቃም። ጨምረው ከፈቱ። ደርበው በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው፣ ገባ።

መጀመሪያ ጉንጫቸው በአንድ በኩል ተነፋ። ከዚያ በሌላው። ሊያላምጡ ሞከሩ፣ መንጋጋቸው ትንሽ ሄዶ ቆመ። ከጉሮሯቸው «ህምምም» የሚል ከባድ ድምፅ ወጣ፣ ቀስ፣ ከበድ፣ ቀስ። አርብ ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያንን ድምፅ አወቀው። ግንባራቸው ላበው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ክራቫታቸውን በአንድ እጃቸው እያላሉ በሌላው ውሃ፣ ውሃ እያሉ ያመለክታሉ።  ማንም መሳቅ አልቻለም፣ ማንም ማላመጥም አልቻለም።

ደርበው ጀርባቸውን ቀስ አድርጎ እያሻሸ «አይዞዎት ጋሼ» አላቸው፣ «ገና ስላልለመዱት ነው።»

እትዬ ዘውድነሽ ውሃ ይዘው ሮጡ። ጠጡ። ዋጡ። እንደገና ጠጡ። ወደ ነፍሳቸው ሲመለሱ ቀና ቢሉ ደርበው ሌላ እንጀራ ቆርሷል። ይሄኛው ከመሐረብም አልፎ ፎጣ ነው። ወጡን እየጨለፈበት ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«አንድ ያጣላል ሲባል አልሰሙም? እኔና እርስዎ እንድንጣላ አልፈልግም ጋሼ።»

ጋሽ ምንተስኖት በሁለት እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «ደርበው፣ በእናትህ። ትንሽ አርገው።»

«ለክብርዎ አይመጥንማ።»

«ክብሩ ይቅርብኝ፣ ትንሽ አርገው።»

ደርበው እጁን አየር ላይ እንደያዘ ወደ ኮሚቴው ዞረ። «እንግዲህ እኔ አምባገነን አይደለሁም፣ ድምፅ ይሰጥበት። ትልቁ ይሁን የምትሉ?»

«የምን ድምፅ?» አሉ ጋሽ ምንተስኖት፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «የኔ አፍ አይደለም እንዴ? ስንቱን እንደሚችል እኔ አላውቅም?»

ያኔ ነው ደርበው ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ ያስቀመጠው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። አልኳችሁ፣ ሲብስበት ቀስ ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ትንሽ አርገው የሚሉበት አፍ አለዎት። ሲያንቅዎት ውሃ ይዛ የምትሮጥ ሚስት አለችዎት። ያቺ ሞተር ማን አላት?»

በቃ። ይሄን ነው ያለው። ሌላ ቃል አልወጣውም።

 ጋሽ ምንተስኖት ቆመው ደርበውን ያዩታል፣ ዓይናቸው ገና እንባ ነው፣ የጉርሻው ይሁን የንዴት አይታወቅም። ደርበው ደግሞ አለቀልኝ፣ ከዚህ ቤት ዛሬ እንደ ውሻ ነው የምባረረው፣ አባቴም ይሄን ሲሰማ በሬን አትርገጥ ይለኛል፣ እያለ ነው በሆዱ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዘውድነሽ ናቸው። ብርጭቆውን እንደያዙ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «እኔ ስንት ዘመን ዝም ላሰኘው ያልቻልኩትን አፍ» አሉ፣ «በአንድ ጉርሻ?»

ጋሽ ምንተስኖት ወደ ሚስታቸው ዞሩ፣ ወደ ደርበው ዞሩ፣ ትሪው ላይ ወደተጋደመው ፎጣ ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ለሷም ማንኪያውን ግጠሙላት» አሉ። «ለኔም ማንኪያ አምጡልኝ። ካሁን በኋላ በእጅ አልበላም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይሄ ነው ማዋረድ የምትለው?

እሑድ ዕለት ምን እንደሆነ ደግሞ ሁላችሁም ነበራችሁ። ደርበው ማንኪያውን ገጠመላት፣ በጣቱ መታት፣ ዚዝ አለች፣ ሳሩን ሳትነካ ተነሳች። ከጭላሎ ተራራ በኩል ነፋስ መጥቶ አንዴ ዘመም ሲያደርጋት ደርበውም አብሯት ዘመም ብሏል፤ ግን ተቃናች። ዞረች፣ ዞረች፣ ወርዳ እንግዶቹ እግር ሥር ነው የቆመችው። ምንጣፍ ላይ፣ አዎ፣ ምንጣፉማ ተነጥፏል። አንዱ ኃላፊ ጎንበስ ብሎ አፍንጫዋን አየና «ይሄን ሁሉ የበረረችው በዚህች ነው?» አለ። ጋሽ ምንተስኖት ማይኩን ከደርበው እጅ ቀምተው ምን አሉ? «ክቡራን እንግዶቻችን፣ ሞተር የሚጎርሰውን ያህል ነው የሚሰጠው። ኮሚቴያችን ይህን የመረጠው በተግባር ከተረጋገጠ በኋላ ነው።» ከዚያም የቅዳሜውን ጉርሻ ከነክራቫቱ ራሳቸው ተረኩላቸው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው እያሳዩ። እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። ክፍሏ የኛ ሆነች። የከረንቡላው ጠረጴዛ ሰኞ ከነሸራው ሄደ።

ስለዚህ ሂርጳ ስማኝ። ሰውየው ራሳቸው ያልተቀየሙትን አንተ ተቀይመህላቸዋል። እሳቸው በማይክ የሚያወሩትን አንተ በግሩፕ ታለቅስበታለህ። ደርበው ይቅርታ ይጠይቅ ትላለህ። ይጠይቅ፣ ማንን? ሞተሯን? እሷንማ ያዳናት እሱ ነው። እንዲያውም ትናንት ጋሽ ምንተስኖት ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄደው አገጭ ቀና ትከሻ ዝቅ ብለው ፎቶ ተነስተዋል። ክበባችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በቀኝ እጃቸው ማንኪያዋን ይዘው።

ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው አለ፣ እሱስ አለ። አርብ ሜዳ ላይ በኮፍያው ሞተሯን እያራገበ «ይሄ ነገር ይቺን ልጅ ይገድላታል» ያለ ሰው፣ በማግስቱ ማማሰያው ይሁን ሲባል ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣ ሰው። ስሙን ልጥራው? ይኸው ግሩፑ ሁሉ እየሰማ ነው፣ አሁን አንተ መልስልኝ ሂርጳ፦ ቅዳሜ ዕለት ያቺን የመጀመሪያዋን እጅ ያነሳት ማነው፣ አንተ ነህ ወይስ የእትዬ ዘውድነሽ ወጥ?